የቆሽት ካንሰር የሞት ካርታ፦ የሚለያየው በሽታው ነው ወይስ ቆጠራው?

የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የቆሽት ካንሰር የሞት ምጣኔ በዓለም ክፍሎች መካከል ምን ያህል እንደሚለያይና ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ወዴት እያመራ እንደሆነ እየመረመርኩ ነው። ቁጥሮቹን ሰብስቤ አገሮቹን እንደየምጣኔያቸው ከነጣ እስከ ጠቆረ ቀለም ቀባኋቸው። አብዛኛው አውሮፓ፣ ሰሜን አሜሪካ፣ ጃፓን፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ጠቆሩ፤ ደቡብ እስያና ከሰሃራ በታች ያለው አብዛኛው አፍሪካ ነጥቶ ቀረ። ካርታውን ለአማካሪዬ ሳሳያቸው ጥቂት አዩትና «ይህ የበሽታው ካርታ ነው ወይስ የሲቲ ስካን መሣሪያ የሚገኝበት ካርታ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የለኝም።

ሌላው ግራ ያጋባኝ አዝማሚያው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት በ1990 በዚህ በሽታ የሞቱትን 196,000፣ በ2017 ደግሞ 441,000 አድርጎ ገምቷል። ይህ ከእጥፍ በላይ ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት በዕድሜ የተስተካከለው የአዳዲስ ሕሙማን ምጣኔ በእነዚሁ ዓመታት ከ100,000 ሰው 5.0 ወደ 5.7 ብቻ ነው ከፍ ያለው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዴት እንደሚታረቁ ልታስረዱኝ ትችላላችሁ? በተጨማሪም የጨጓራና የጡት ካንሰር የሞት ምጣኔ በብዙ አገሮች እየወረደ ሳለ የቆሽት ካንሰር ያልወረደበትን ምክንያት ማወቅ እፈልጋለሁ። በ2017ቱ ሠንጠረዥ በሞት ምጣኔ ግሪንላንድ በ17.4 አንደኛ፣ ኡራጓይ በ12.1 ሁለተኛ ሲሆኑ ባንግላዴሽ በ1.9 የመጨረሻውን ዝቅተኛ ቦታ ይዛለች። ስለ እነዚህ ሦስቱ ምን ብዬ ብጽፍ ከስሕተት እድናለሁ?


የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እሱ ከተፈታ የመጀመሪያው በግማሽ ይቀልላል።

የቆሽት ካንሰር በዕድሜ የገፉ ሰዎች በሽታ ነው። ከ40 ዓመት በታች እምብዛም አይታይም፤ እርስዎ በጠቀሱት ጥናት የሟቾቹ ቁጥር ጣሪያ የሚነካው በወንዶች ከ65 እስከ 69፣ በሴቶች ከ75 እስከ 79 ባለው ዕድሜ ላይ ነው። ስለዚህ የአንድ አገር ሕዝብ ዕድሜው ሲገፋ፣ ማንም ሰው ከቀድሞው የበለጠ ሳይጋለጥ፣ የሟቹ ቁጥር ያድጋል። ለማስረጃ ያህል የፈጠራ ምሳሌ እንሥራ። አንድ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ያላቸው ሁለት አገሮች አሉ እንበል። በሁለቱም ከ60 ዓመት በታች ከሆኑ 100,000 ሰዎች መካከል 2፣ ከ60 በላይ ከሆኑ 100,000 ሰዎች መካከል ደግሞ 40 በየዓመቱ በበሽታው ይሞታሉ። በአንደኛው አገር ከ60 በላይ የሆኑት ከሕዝቡ 10 በመቶ ብቻ ቢሆኑ፣ ከወጣቶቹ 18፣ ከአረጋውያኑ 40፣ በድምሩ 58 ሰው ይሞታል። በሁለተኛው አረጋውያኑ 25 በመቶ ቢሆኑ፣ 15 እና 100 ተደምረው 115 ይሆናሉ። ጥሬው ምጣኔ በአንደኛው 5.8፣ በሌላው 11.5 ሆኖ እጥፍ ያህል ልዩነት ይታያል፤ የ70 ዓመት አዛውንት ግን በየትኛውም አገር ቢኖር ዕጣው ያው ነው። ሁለቱን አገሮች 85 በመቶው ከ60 በታች፣ 15 በመቶው ከ60 በላይ በሆነ አንድ የጋራ መስፈርት ሕዝብ ስንመዝናቸው ሁለቱም 7.7 ላይ ይገናኛሉ። በዕድሜ ማስተካከል ማለት ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

አሁን ወደ እርስዎ ቁጥሮች እንመለስ። የዓለም ሕዝብ በ1990 ወደ 5.3 ቢሊዮን፣ በ2017 ወደ 7.6 ቢሊዮን ነበር። በ196,000 ሟቾች ጀምረን የሕዝቡን ዕድገት ብቻ ብናሰላ 281,000 ገደማ እንደርሳለን። በዚያ ላይ የምጣኔውን ጭማሪ፣ ማለትም ከ5.0 ወደ 5.7 የተደረገውን 14 በመቶ፣ ስንጨምርበት 320,000 ይሆናል። እስከ 441,000 የቀረው 120,000 ያህሉ የዓለም ሕዝብ ዕድሜ በመግፋቱ የመጣ ነው። የአዳዲስ ሕሙማንን ምጣኔ የሞት ምጣኔ ተወካይ አድርጌ ስለተጠቀምኩ ስሌቱ ሻካራ ነው፤ በዚህ በሽታ ግን ሁለቱ በጣም ስለሚቀራረቡ ጥፋቱ ትንሽ ነው። እንግዲህ የሟቹ ቁጥር ከእጥፍ በላይ መሆኑና ምጣኔው በጥቂቱ ብቻ ከፍ ማለቱ አይጣረሱም። የመጀመሪያው ስንት አልጋና ስንት ሐኪም እንደሚያስፈልግ ይነግርዎታል፤ ሁለተኛው ደግሞ የአንድ ሰው አደጋ ተለውጦ እንደሆነ።

ግሪንላንድን በተመለከተ፣ ሕዝቧ 56,000 ገደማ ብቻ መሆኑን አይርሱ። በዚያ ምጣኔ ሲሰላ በዓመት የሚሞተው ሰው ከአሥር አይበልጥም። በአንድ ዓመት 9 ሰው ቢሞት፣ በአጋጣሚ ብቻ የሚፈጠረው የመተማመኛ ክልል፣ ማለትም እውነተኛው አማካይ ሊገኝበት የሚችለው ወሰን፣ ከ4 እስከ 17 ይዘረጋል። በአንድ ክረምት ሦስት ሰው ተጨምሮ ቢሞት አገሪቱ በሠንጠረዡ ላይ የሰማይና የምድር ያህል ትዘላለች። ግሪንላንድ በ1990ም ቀዳሚ ስለነበረች ነገሩ ሁሉ አጋጣሚ ነው አልልም፤ ነገር ግን የአንድ ዓመትን ቁጥር ነጥሎ በጥቁር ቀለም መቀባት አንባቢን ያሳስታል። የአምስት ወይም የአሥር ዓመት ሟቾችን ደምረው አማካዩን ከነመተማመኛ ክልሉ ያሳዩ። ኡራጓይ ከዚህ የተለየች ናት፤ 3.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብና የቆየ የሞት ምዝገባ ስላላት ቁጥሯን በቁም ነገር መውሰድ ይችላሉ።


የካንሰር ሐኪም፦

አማካሪዎ የጠየቁዎት ጥያቄ ትክክለኛ ነው፤ እኔ ግን ከሲቲ ስካኑ በፊት ከራሱ ከቆሽት እነሣለሁ።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ፣ ከአከርካሪ ፊት ለፊት ተጋድሞ የሚገኝ ብልት ስለሆነ በእጅ አይዳሰስም፤ በአልትራሳውንድም የአንጀት አየር እየጋረደው ብዙ ጊዜ በግልጽ አይታይም። ሕመምተኛው ሲመጣ የሚናገረው ክብደት መቀነስን፣ ከላይኛው ሆድ ወደ ጀርባ የሚሰማ ሕመምን፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትን፣ አንዳንዴም የዓይን ቢጫ መሆንን ነው። ሲቲ ስካንና የናሙና ምርመራ በሌለበት ቦታ አልትራሳውንዱ የሚያሳየው ዕጢው የተነሣበትን ቆሽት ሳይሆን የተሠራጨበትን ጉበት ነው። ሰውየው ሲሞት በሞት ምስክር ወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ «የጉበት ሥራ ማቆም» ይጻፋል፤ በሁለተኛው መስመር ላይ «የጉበት ካንሰር» ይጻፋል፤ ሦስተኛው፣ መነሻው ምክንያት ሊጻፍበት የሚገባው መስመር፣ ባዶ ይቀራል። ኮድ የሚሰጠው ባለሙያ ያየውን እንጂ ያላየውን መመዝገብ ስለማይችል፣ በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ለቆሽት ካንሰር የተሰጠው ሲ25 የተባለው ኮድ ሳይነካ አንድ ሟች ወደ ጉበት ካንሰር ዓምድ ይሻገራል። ወረቀቱ እንኳ የሚጻፈው ሰውየው በጤና ተቋም ከሞተ ነው፤ በቤቱ ከሞተ እሱም ላይኖር ይችላል። የነጣው ቀለም አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ይህ የድሃ አገሮች ችግር ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ አሳስባለሁ። ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የመረመረው በ1971 ሲሆን ወደ ሆድ ምርመራ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የበለጸጉት አገሮችም ቢሆኑ ከዚያ በፊት ያሉት የሞት መዝገቦቻቸው የቆሽት ካንሰርን በከፊል ደብቀው የያዙ ናቸው። ረጅም አዝማሚያ የሚሥል ሰው፣ መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሽቅብ ሲወጣ ካየ፣ የወጣው በሽታው ነው ወይስ መሣሪያው ብሎ መጠየቅ አለበት።

በሌላ በኩል የቆሽት ካንሰር ለሞት ምጣኔ ጥናት ከሌሎቹ ካንሰሮች ይልቅ የሚመችበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይህን ስል ቃሉ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 ወደ 511,000 አዳዲስ ሕሙማንና ወደ 467,000 ሟቾች እንደነበሩ ገምቷል፤ ለአሥር አዳዲስ ሕሙማን ዘጠኝ ሟች ማለት ነው። በሽታው በሚገኝበት ጊዜ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችለው ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። በጡት ካንሰር ሁለት አገሮች እኩል ሕሙማን ኖሯቸው ሕክምናቸው ስለሚለያይ ብቻ የሞት ምጣኔያቸው በሰፊው ሊራራቅ ይችላል። በቆሽት ካንሰር ግን ከአምስት ዓመት በላይ የሚቆየው ሕመምተኛ፣ መረጃ ባላቸው አገሮች፣ ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የሞት ካርታው ስለ ሕክምና ጥራት የሚነግርዎ ጥቂት ነው፤ በዋናነት የሚናገረው ስንት ሰው እንደታመመና ከታመሙት ስንቱ በትክክል እንደተመዘገበ ነው።


የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሕዝቡን፣ የምጣኔውንና የዕድሜውን ድርሻ የሚለየው ስሌት በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ምዕራፌ ይገባል። አንድ ነገር ግን አሁንም አስቸግሮኛል። ምዝገባው ባልተሟላባቸው አገሮች ያለው ልዩነት የቆጠራ ከሆነ፣ ምዝገባቸው የተሟላ አገሮች ተቀራራቢ ምጣኔ ሊኖራቸው አይገባም ነበር? ሀንጋሪና ስሎቫኪያ ግን ከምዕራብ አውሮፓ ከብዙዎቹ አገሮች በልጠው ይታያሉ። ሁሉም የቆጠራ ጉዳይ ነው ማለት ትንሽ የተለጠጠ አይሆንም?


የኢፒዲሚዮሎጂ መምህር፦

የተለጠጠ ይሆናል፤ የሐኪሙን ሐሳብ ባከብርም እኔም በዚህ ላይ ሚዛኑን ወደ ሌላው ጎን ጥቂት ላዘንብለው እፈልጋለሁ። ከፍተኛ የሰው ልማት ደረጃ ባላቸው አገሮች የአዳዲስ ሕሙማን ምጣኔ ዝቅተኛ ደረጃ ካላቸው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ያልተመዘገቡትን ሁሉ ብንመልሳቸው ልዩነቱ ይጠብባል እንጂ ይጠፋል ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም አጋላጭ ሁኔታዎቹም በዚያው አቅጣጫ ይለያያሉ። እርስዎ እንዳሉት በተሟላ ምዝገባ ውስጥ ሆነው የሚለያዩት የአውሮፓ አገሮችም ለዚህ ጥሩ ምስክሮች ናቸው።

ከታወቁት አጋላጮች ቀዳሚው ሲጋራ ነው። የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው ጋር ሲነጻጸር በቆሽት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በ2017ቱ ጥናት ከዓለም የቆሽት ካንሰር ሞት 21.1 በመቶው ከማጨስ፣ 8.9 በመቶው በጾም ከሚለካ ከፍተኛ የደም ስኳር፣ 6.2 በመቶው ከከፍተኛ የሰውነት ክብደት ጋር ተያይዟል። እነዚህን ደምረው 36 በመቶ ብለው እንዳይጽፉ፤ አንድ ሰው አጫሽም፣ ወፍራምም፣ የስኳር ሕመምተኛም ሊሆን ስለሚችል ድርሻዎቹ ይደራረባሉ። ያም ሆነ ይህ ከግማሽ በላይ የሆነው ሞት ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ ነው፤ ዕድሜ፣ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት፣ እንደ ብራካ 2 ያሉ በዘር የሚወረሱ የጂን ለውጦች፣ እንዲሁም ማንም ያልፈለገው የሕዋስ ክፍፍል ስሕተት በዚያ ውስጥ ይገባሉ። የደም ስኳሩን ቁጥር ስትጠቅሱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የስኳር በሽታ ለቆሽት ካንሰር ያጋልጣል፣ የቆሽት ካንሰር ደግሞ ራሱ ስኳር ያመጣል። ከ50 ዓመት በኋላ ድንገት ስኳር የታየበት፣ ክብደቱም እየቀነሰ ያለ ሰው፣ ስኳሩ የካንሰሩ ምክንያት ሳይሆን የመጀመሪያ ምልክቱ ሊሆን ይችላል።

አዝማሚያውን ስናይ በጣም የሚያስተምረን የአሜሪካ የሞት መዝገብ ነው። ከ1970 እስከ 1995 ድረስ በነጭ ወንዶች መካከል የቆሽት ካንሰር የሞት ምጣኔ በዓመት 0.7 በመቶ እየወረደ ሄደ፤ ከ1995 በኋላ ግን ተገልብጦ እስከ 2009 ድረስ በዓመት 0.4 በመቶ መውጣት ጀመረ። በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በሴቶች እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ፣ በወንዶች እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ሲወጣ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ወረደ። ይሁንና የጥቁሮቹ የሞት ምጣኔ አሁንም ከነጮቹ ይበልጣል፤ ይህንንም ልዩነት የታወቁት አጋላጮች ሙሉ በሙሉ አያስረዱትም። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት የምዝገባ ሥርዓት፣ በተመሳሳይ ዓመታት ሁለት መስመሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ከተጓዙ፣ ጉዳዩን የመሣሪያ ብቻ ለማድረግ ይከብዳል። የነጭ ወንዶቹ መውረድ ሲጋራ ከማቆም ጋር ይገጥማል፤ ዳግም መውጣቱ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታ ከተስፋፉበት ዘመን ጋር።

ሌሎቹ ካንሰሮች ወርደው ይህ ለምን አልወረደም ላሉት መልሱ ከዚሁ ይቀጥላል። የማኅፀን በርና የአንጀት ካንሰርን ቀድሞ የሚያገኝ፣ ሕይወት ማትረፉም የታወቀ ምርመራ አለ፤ ለቆሽት ለጠቅላላው ሕዝብ የሚሆን እንዲህ ያለ ምርመራ የለም። መድኃኒቱም የተሻሻለው በዝግታ ነው። ጀምሲታቢን በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተፈቀደ በኋላ ትልቁ እመርታ የታየው ፎልፊሪኖክስ የተባለው የመድኃኒቶች ጥምረት ሲመጣ ነው፤ እሱንም ጠንካራ ሰውነት ያለው ሕመምተኛ እንጂ ሁሉም አይችለውም። አሜሪካ ውስጥ ለአምስት ዓመት የመቆየት ዕድል ከ1970ዎቹ 3 በመቶ አሁን 13 በመቶ ደርሷል፤ ሆኖም ከዚያ ጭማሪ ከፊሉ በአጋጣሚ ምርመራ የሚገኙና በዝግታ የሚያድጉ የሆርሞን ሕዋስ ዕጢዎች በቆጠራው ውስጥ በመግባታቸው የመጣ ነው። በወጣት አሜሪካውያን ሴቶች መካከል የአዳዲስ ሕሙማን ቁጥር እያደገ ሞቱ ባለበት የቆመውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ የሞትን ምጣኔ በመምረጥዎ ከዚህ ወጥመድ ድነዋል።

ስለ ኡራጓይም አንድ ነገር ልጨምር። አገሪቱ በ2006 በተዘጉ ሕዝባዊ ቦታዎች ማጨስን ከላቲን አሜሪካ ቀድማ ከልክላለች፤ በ2017ቱ ሠንጠረዥ ግን ሁለተኛ ናት። ሕጉ አልሠራም የሚል ድምዳሜ እንዳይጽፉ። ዛሬ በ70 ዓመቱ የሚሞተው ሰው ማጨስ የጀመረው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው፤ ስለዚህ የ2017ቱ ምጣኔ የሚናገረው በአብዛኛው ከሕጉ በፊት ስለነበረው ዘመን ነው። የሚቻል ከሆነ ሟቾቹን በሞቱበት ዓመት ብቻ ሳይሆን በተወለዱበት ዘመንም ከፋፍለው ይሣሉ፤ የሲጋራ አሻራ ጎልቶ የሚወጣው በዚያ ሥዕል ላይ ነው።


የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦

በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ካርታውን ድጋሚ ከመሣልዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። ቁጥሮቹን ከተለያዩ ምንጮች ከሰበሰቡ መስፈርት ሕዝባቸው አንድ መሆኑን አይተዋል? ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሚጠቀምበት የቆየው የሴጊ መስፈርት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት የሚሰጠው 7 በመቶ ብቻ ነው፤ በ2013 የወጣው የአውሮፓ መስፈርት ደግሞ 19.5 በመቶ ይሰጣቸዋል። እንደ ቆሽት ካንሰር ያለ የአረጋውያን በሽታ በሁለተኛው ሲመዘን ምጣኔው በብዙ ከፍ ይላል። አንዱን አገር ከአንዱ ሰነድ፣ ሌላውን ከሌላው ወስደው ጎን ለጎን ካስቀመጡ፣ የሳሉት የመስፈርቶቹን ልዩነት እንጂ የአገሮቹን አይደለም። ይህን ስሕተት በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር አይቼዋለሁ።


የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ፦

ይህን ካነበብኩ በኋላ ፋይሌን ከፈትኩ፤ እውነትም ስድስቱ የአውሮፓ አገሮች ከሌላ ሰነድ የገቡ ስለነበሩ በአውሮፓው መስፈርት የተመዘኑ ናቸው። የስሎቫኪያ ጥቁረት ከፊሉ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉንም በአንድ መስፈርት እንደገና አሰላለሁ፤ የሞት ምዝገባቸው ያልተሟላ አገሮችንም በነጣ ቀለም ሳይሆን በሰያፍ መስመር ለይቼ አሳያቸዋለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅ፦ በአረጋውያን ላይ ያለውን የምርመራ ጉድለት ለመቀነስ ከ45 እስከ 64 ዓመት ባሉት ሟቾች ላይ ብቻ ተመሥርቼ ሁለተኛ ካርታ ብሠራ ያስኬዳል?


የካንሰር ሐኪም፦

ያስኬዳል። በዚያ ዕድሜ የሚታመም ሰው ምርመራ የማግኘት ዕድሉ ከ80 ዓመት አዛውንት ይሻላል፤ በሞት ወረቀቱም ላይ «እርጅና» ተብሎ አይታለፍም። ሁለቱ ካርታዎች የሚለያዩባቸውን አገሮች ለይተው ያውጧቸው፤ አማካሪዎ የጠየቁዎት ሲቲ ስካን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚነካው እነዚያን ነው። ግን በዚያ የዕድሜ ክልል የሚሞተው ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ስለ ግሪንላንድ የተባለው በሌሎች ትናንሽ አገሮችም ላይ ይደርስብዎታልና ዓመታቱን መደመርዎን አይተዉ።